ከምርመራ በፊት ለምን እንደማንቆርጥና እንደማንረጭ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ጀምሮ ማንኛውንም ዛፍ ከመቁረጣችን፣ ከመግረዛችን ወይም መድኃኒት ከመርጨታችን በፊት እንድንመረምር፣ ለምርመራውም ለብቻው እንድናስከፍል መወሰናችን ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ ከስልክ ጥሪዎቻችሁና ከመልእክቶቻችሁ ተረድቻለሁ። በተለይ ሠራተኞቻችን መሰላልና መጋዝ ይዘው ከበራችሁ ደርሰው ሥራውን ሳይጀምሩ የተመለሱባችሁ ደንበኞች ቅሬታችሁ ተገቢ ነው፤ አስቀድመን ልናሳውቃችሁ ይገባን ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ራሱ ግን ትክክል ነው ብዬ ስለማምን ምክንያቱን በዝርዝር እንድጽፍ ፍቀዱልኝ።

«ዛፍ አይቶ ለመሄድም ይከፈላል እንዴ?» የሚል መልእክት ደርሶኛል። የጻፉልኝ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ስለሆኑ አባባሉ ቆጥቁጦኛል፤ አልደብቅም። ነገር ግን ከሥራችን ሁሉ ከባዱ ያ «አይቶ መሄድ» የተባለው ነው። ቅጠል ሲጠወልግ ምልክቱ አንድ ይሁን እንጂ መንስኤው ብዙ ነው፤ ውሃ በሚተኛበት አፈር ውስጥ ሥር አበስብስ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ዛፉ ሲተከል አንገቱ ድረስ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፣ በልጅነቱ የታሰረበት ሽቦ ግንዱን እያነቀው ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱንም ቅጠል ላይ የሚረጭ ፀረ ፈንገስ አያድነውም። በተቃራኒው ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የተነፋበት የሚያስመስለው ሻጋታ ባለቤቱን ያስደነግጣል እንጂ ጠንካራ የሆነን ትልቅ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። በቀድሞ ዓመታት ለዚህ ሻጋታ ብዙ ረጭተናል፣ ክፍያውንም ተቀብለናል፤ አሁን ሳስበው ብዙው ባይረጭ ምንም አይጎድልም ነበር።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ቅጠሉ የሳሳ ትልቅ ዛፍ ላይ እንድንረጭ ጠርተውን ነበር። ከግንዱ ግርጌ ያለውን አፈር በእጃችን ገለጥ አድርገን ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ ስንፈለቅቀው፣ ከቅርፊቱ በታች እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነጭ የፈንገስ ንጣፍ ታየ፤ ሽታውም የእንጉዳይ ነበር። ይህ አርሚላሪያ የተባለው የሥር በሽታ ነው። ግንዱን በእንጨት መዶሻ ስንመታው በአንድ በኩል ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ሆነ። ዛፉ ላዩ አረንጓዴ ቢሆንም መሬት ላይ ያቆመው ሥር አልቆ ነበር፣ ያዘነበለውም ወደ መኝታ ቤቱ ነው። እንደታዘዝነው ረጭተን ብንሄድ ኖሮ ሒሳባችንን ተቀብለን ነበር፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ለእናንተ ግምት እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት የራሴ ጥፋት ነው። ሥራውን በአንድ መጋዝና በተዋስሁት መሰላል በጀመርሁበት ጊዜ፣ ጫፎቹ በእሳት የተለበለቡ የሚመስሉና እንደ ከዘራ እጀታ ቆልመም ያሉ የፒር ቅርንጫፎችን ገርዤ፣ በዚያው መቀስ ወደ ጎረቤት ግቢ የፖም ዛፍ ተሻገርሁ። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፖሙም ጠቆረ። ዛፉን ያጡት ሰው እስከ ዛሬ ደንበኛችን ናቸው፤ ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ራሳቸውን ያውቃሉ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ የምንቆርጠው የታመመው ክፍል ካበቃበት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ጤነኛው ዝቅ ብለን ነው፤ መቀሱንም ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ 70 በመቶ በሆነ አልኮል እናጸዳዋለን። «አንድ ዛፍ ላይ ግማሽ ቀን ፈጁ» ለተባለውም መልሱ ይኸው ነው።

የጎረቤትን ዛፍ ጭምር ለማየት መጠየቃችንም ወሬ ለመልቀም አይደለም። ተቀራርበው የበቀሉ አንድ ዓይነት ዛፎች ሥራቸው ከመሬት በታች ሊጋጠም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1921 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መንስኤውን ለይተው ያወቁት የደች ኤልም በሽታ (ኤልም የተባለውን ዛፍ የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ) ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሸጋገረው ቅርፊት በሚቦረቡሩ ጢንዚዛዎች ብቻ ሳይሆን በዚሁ በተጋጠመ ሥር በኩልም ነው።

ቁስሉን ቀለም አልቀባችሁትም ብላችሁ የወቀሳችሁንም አልረሳሁም። እኔም ለዓመታት ስቀባ፣ በንጹሕ አቀባቤም ስኮራ ኖሬአለሁ። አሜሪካዊው የዛፍ በሽታ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ግንዶችን ሰንጥቆ እንዳሳየው ግን ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው ቆዳ አይጠግንም፤ የተበላሸውን እንጨት በውስጡ አጥሮ በላዩ ላይ አዲስ እንጨት ያበቅላል እንጂ። ቀለም ይህን አያግዝም። የሚያግዘው ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚጋጠምበትን ያበጠ ቀለበት ሳይነኩ፣ ጉቶም ሳያስቀሩ መቁረጥ ነው።

የወጪውን ነገር ማንሳት ባልወድም መዝለል አልችልም። የነዳጅ፣ የመጋዝ ሰንሰለትና የመውጫ ገመድ ዋጋ በየጊዜው ጨምሯል፤ ገመድ ደግሞ አርጅቶ እያየሁ ልጆቹን ከፍታ ላይ አልሰቅልበትም። እስካሁን ምርመራውን በነፃ እየሠራን ወጪውን ከቆረጣው ክፍያ ስናካክስ ኖረናል። ይህም ማለት ገቢያችን የሚገኘው ዛፍ ስንቆርጥ ብቻ ነው ማለት ነው። «ይህን ዛፍ አትንኩት» ብለን የምንመልሳችሁ ቀን ሁሉ ኪሳራችን ነበር፤ እንዲህ ያለ ምክር ሰጪ ደግሞ ውሎ አድሮ ለመጋዙ ማድላቱ አይቀርም።

ለውጡ ከመደረጉ በፊት ቀጠሮ የያዛችሁ በሙሉ በቀድሞው ስምምነት ትስተናገዳላችሁ። ከምርመራ በኋላ ሥራውን ለእኛ ከሰጣችሁ የምርመራው ክፍያ ከጠቅላላ ሒሳቡ ይቀነሳል፤ ለሌላ ባለሙያ ብትሰጡም የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ እንሰጣችኋለን። ወደ ሌላ ለመሄድ የወሰናችሁትን አልወቅስም፤ እዚያም ቢሆን መቀሱ መጸዳቱን ጠይቁ። ለመቆየት ያሰባችሁ ግን ሠራተኞቹ እስኪደርሱ ድረስ ግንዱ ሥር የተከመረውን አፈርና ገለባ ራቅ አድርጉልን፤ ሥራችንን የምንጀምረው ከዚያ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ባለቤት