ከድንጋዩ መስቀል አጠገብ የተነሣሽው ፎቶ (ደብዳቤ ለልጄ)

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ሰው ጥቅልም ይዞልሻል። በሶ፣ ሽሮ፣ ትንሽ በርበሬና የደረቀ ዳማከሴ አለው። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታገኛለሽ፤ እሱን ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እንዳትፈቺው። ደግሞ የምታነቢው ሥራ በሌለሽ ቀን ይሁን። አብራሽ የምትኖረውን ልጅ ጥሪያት፣ ቡና አፍሉ፣ አጠገብሽ ትቀመጥ። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። ከዚያ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከድንጋዩ መስቀል ሥር ቆመሽ የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። እናትሽ "እንዴት አምሮባታል!" አለች። እኔ መነጽሬን አጥልቄ አየሁት። ጃኬቱ የሰው መሰለኝ። ለካ ቦሌ የሸኘንሽ ጊዜ የለበስሽው ነው፤ አንቺ ነሽ ውስጡ የጠፋሽው። ለእናትሽ ምንም አላልኳት። በሦስተኛው ቀን የአጎትሽ ልጅ ደወለ። "ጋሼ፣ አትንገራቸው ብላኝ ነው እንጂ..." ብሎ ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታስዪ፣ በዚያ ላይ የሌሊት ፈረቃ ስትሠሪ፣ አንድ ቀን በምትሠሪበት መጦሪያ (ኬር ሆሙ) ውስጥ ራስሽን ስተሽ ወንበር ላይ ሲያስቀምጡሽ!

አትንገራቸው? እኛ ማን ነን ልጄ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እዚህ ቤት ስንት ጊዜ ሰምተሻል? ሕመም አይደበቅም። ሰኞ ጠዋት ስልክ አንሺና ለሐኪምሽ ደውዪ። እስካሁን የሰፈር ሐኪም (ጂፒ) ጋ ካልተመዘገብሽ ዛሬውኑ ተመዝገቢ። ሌሊት ካስቸገረሽ 111 ደውዪ፤ ለዚሁ የተቀመጠ ቁጥር ነው። "ቀጠሮ አይገኝም" የሚል መልስ አልፈልግም። ሂተሩንም ለሂሳቡ ብለሽ አታጥፊው፤ ሂሳቡን እንነጋገርበታለን።

ፎቶው ሥር "አባዬ፣ ይሄን ቦታ ታውቀዋለህ?" ብለሽ ጽፈሻል። እንዴት አላውቀውም! በ1976 ዓ.ም. ለብረታ ብረት ትምህርት እንግሊዝ አገር ሼፊልድ የተላክሁ ጊዜ፣ አከራዬ የነበሩት ሴትዮ ሚያዝያ ላይ አንድ እሁድ በአውቶቡስ ወሰዱኝ። መንደሩ ሲጻፍ "ኢያም" ይመስላል፤ እነሱ ግን "ኢም" ነው የሚሉት። እኔ "ኢያም" ባልኩ ቁጥር ሴትዮዋ ሳቃቸው ይመጣ ነበር።

የቆምሽበት መስቀል (እንዳትደገፊው፣ ቅርስ ነው) በ8ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸ ነው። ላሊበላ ሳይወቀር ማለት ነው። ድሮ ከመንደሩ ውጪ፣ ዛፍ በሌለበት ኮረብታ ላይ፣ በጋሪ መንገድ ዳር ነበር የቆመው። አጭር መስሎ የሚታየው ከግንዱ አንድ ቁራጭ ስለጠፋ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በዕድሜ ልጁ ነው። ውስጥ የገባሽ እንደሆነ ከሳክሰኖች፣ ከድሮዎቹ እንግሊዞች፣ ዘመን የቀረ የጥምቀት ገንዳ አለ። ምሰሶዎቹ ደግሞ ከእነሱ በኋላ የመጡት የኖርማኖች ናቸው፣ የአሁኑ ሕንጻ የ14ኛው መቶ ዘመን። እዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ አያልቅም። አንዱ ያፈርሳል፣ አንዱ ይቀጥላል፣ ሌላው መጥቶ ኖራ ይለቀልቃል። ግድግዳው ላይ የ12ቱ ነገደ እስራኤል ምልክቶች ተሥለው ነበር። ኖራ ተቀብቶባቸው ስንት ዘመን ኖሩ፤ የተገኙት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በፎቶሽ ላይ ያየሁትን ባለ ቀለም መስታወት ግን አላውቀውም። ከኔ በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. የገባ ነው። በውጪ ግድግዳው ላይ የ1775 የጥላ ሰዓት አለ፤ አይተሽዋል? እኔ ከእጅ ሰዓቴ ጋር ላስተያየው ብል ፀሐይ አልነበረም።

የሰበካው ቄስ መተዳደሪያ ከእርሳስ ማዕድን ነበር። ከየስፍሩ አንድ ፔኒ ይደርሰዋል። ጥሩ ገቢ ነው፤ ወንበሩ ግን ያቃጥላል። በንጉሡና በፓርላማው ጦርነት ጊዜ የነበረው ቄስ የማዕድኑን አሥራት ለንጉሡ ሰጠ ተብሎ ተባረረ፣ ታሰረም። በእሱ ቦታ ቶማስ ስታንሊ የሚባል የሌላው ወገን ሰው ገባ። ንግሥናው ተመልሶ በ1662 እ.ኤ.አ. አዲስ የጸሎት ሕግ ሲወጣ ደግሞ ስታንሊ አልቀበልም አለና እሱም ወጣ። ከዚያ ዊልያም ሞምፔሰን የሚባል ወጣት ቄስ ከሚስቱ ከካትሪንና ከሁለት ልጆቹ ጋር መጣ።

በ1665 ከለንደን ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ተላከ። ጨርቁ ረጥቦ ነበርና የልብስ ሰፊው ረዳት እሳት ዳር ዘርግቶ አደረቀው። ለንደን ያኔ ቸነፈር ላይ ናት፤ በጨርቁ ውስጥ ቁንጫ ነበረበት። ረዳቱ መስከረም መጀመሪያ ላይ ሞተ። ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ የጎረቤት ጎረቤት።

በዓመቱ ሰኔ ላይ ሞምፔሰን ያንን የተባረረውን ስታንሊን ፈልጎ አገኘው። ሁለቱ ሆነው ሕዝቡን አሳመኑት። ማንም ከመንደሩ አይወጣም፤ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይመጣም፣ ሁሉም የራሱን ሰው በጓሮው ይቅበር። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፣ ጸሎቱም ሜዳ ላይ ተራርቆ በመቆም ሆነ። የውጪ ሰው ምግብ ድንበር ላይ ያስቀምጥላቸዋል። እነሱ ሳንቲሙን አቼቶ በተሞላ የድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ይተዋሉ። ድንጋዩ አሁንም አለ፤ አውራ ጣቴን ከጉድጓዱ ከትቻለሁ። አንዲት እናት ባሏንና ስድስት ልጆቿን በስምንት ቀን ውስጥ ብቻዋን ቀበረች። በ14 ወር ውስጥ ከዚያች ትንሽ መንደር ከ260 በላይ ሰው አለቀ።

እኛም እኮ አለን። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ሰው ሲረግፍ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። ኅዳር 12 የምናጥነው ለዚያ ነው። እታለም መቼም ታውቂያለሽ፣ ለኅዳር 12 ከዋዜማው ጀምራ ግቢውን ጠርጋ፣ ቅጠሉን ቆልላ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በጭስ ታስለቅስ ነበር። ዘንድሮ ግቢያችን አልታጠነም።

እሺ፣ ወደ ኢም ልመለስ። ሞምፔሰን ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት ሁለቱን ልጆቹን ወደ ዮርክሻየር ላካቸው። ሚስቱንም ሂጂ ብሎ ለመናት፣ እምቢ አለች። ነሐሴ ላይ አብረው ሲሄዱ "አየሩ እንዴት ይጣፍጣል" አለችው ይባላል። እዚያ የጣፈጠ ሽታ የቸነፈሩ ምልክት ነበር። በ27 ዓመቷ ሞተች። ሌላው ሁሉ በየጓሮው ሲቀበር የእሷ መቃብር ግን ግቢው ውስጥ ነው፤ ከመስቀልሽ ጥቂት እርምጃ ብትራመጂ ታገኚዋለሽ።

ያ ሰው ምን አደረገ መሰለሽ? በቀናት ውስጥ ብዕሩን አንሥቶ ለልጆቹ ጻፈ። ገና ሕፃናት ናቸው። እናታችሁ ሞታለች ብሎ በቀጥታ ነገራቸው። አከራዬ ይህን ሲያጫውቱኝ "እንዴት ያለ ጨካኝ አባት ነው!" አልኩ። እኛ አገር ውጪ ላለ ሰው መርዶ በደብዳቤ አይላክም ብዬ በኩራት አስረዳኋቸው። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም አሉና "ታዲያ በምን ያውቃል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ውስጥ ገባሁ፣ ጥግ ያለ ወንበር ላይ ተንበርክኬ ለእናቴ ጤና ጸለይኩ።

እናቴ ያኔ ከሞተች ሦስት ወሯ ነበር።

ይህን ታሪክ ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ ሹራቡን ግን አታውቂም። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ድሮም ደብዳቤዋን የምትጽፍላት እታለም ነበረች። ጥር ላይ ከሞተች በኋላም መጻፏን አላቆመችም። "እናትህ ደህና ናት፣ ብርድ ልብስ ደርብ ትልሃለች" እያለች ሰባት ወር። እኔም ሼፊልድ ገበያ ግራጫ ሹራብ ገዛሁላት፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከላይ አደረግሁት። ነሐሴ ላይ ስገባ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ አጎቴ ቤት ወሰዱኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ገቡ። እታለምን ዓመት ሙሉ አላናገርኳትም። "ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ነው" እያለች አለቀሰች። ሹራቡን እሷ እንዳትለብሰው ብዬ በፊቷ ለዘበኛው ሰጠሁት። ያ ክረምት ብርዱ ሌላ ነበር። እሷ ሹራብ አልነበራትም።

ለዚህ ነው ሕመምሽን አትደብቂኝ የምለው። ኩላሊትም ይሁን ሳንባ፣ ድካምም ይሁን የሥራ ብስጭት፣ ንገሪኝ። እናትሽን እኔ አረጋጋታለሁ። ከባድ ምርመራ ከታዘዘልሽ የአጎትሽ ልጅ አብሮሽ ይሂድ፤ የሚሉሽን በወረቀት ይጻፍልሽ። ሩዝ ብቻ እየበላሽ አትደሪ። በሶውን በማር በጥብጪው።

ይኸው ሦስት ገጽ ሞላሁ፣ እስካሁን ስለ ራሴ መደበቅ አላወራሁም። ባለፈው ወር ስትደውዪ "እታለምን አገናኘኝ" አልሽኝ። "ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች" አልኩሽ። በሳምንቱ ደግመሽ ጠየቅሽ። "ተኝታለች" አልኩሽ። እናትሽ ፈተናዋን እስክትጨርስ ብላ ለምናኝ ነው። ግን እሷ ላይ አላሳብብም፤ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ልጄ፣ እታለም ጥቅምት 19 ሌሊት አርፋለች። አልተሠቃየችም፤ በእንቅልፏ ነው። አርባዋ ወጥቷል። የቀበርናት ከእናቴ ጎን ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ። አልቅሺ፣ ያቺ ልጅ አጠገብሽ አለች። ነገ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ። እናትሽ እንደጻፍኩልሽ አታውቅም፤ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፣ ትቆጣኝ።

አሁን ጋዜጣውን ፍቺው። ነጠላዋ ነው። ለአንቺ ብላ ነው የተወችው። እናትሽ ልጠበው ስትል ከለከልኳት፤ የእጣኑ ሽታ አለቀቀውም።

አባትሽ
አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ