ግልጽ ደብዳቤ፦ መዝገቡ እናንተ ዘንድ እያለ ጡረተኛው ለምን ይቀጣል?

ለሜዲኬርና ሜዲኬይድ አገልግሎቶች ማዕከል
ባልቲሞር፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ የፓርት ዲ (የሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን) የዘገየ ምዝገባ ቅጣትን ይመለከታል

በዋሽንግተን ዙሪያ በታክሲ፣ በፓርኪንግ፣ በሆቴልና በአረጋውያን እንክብካቤ ሲለፉ የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለጡረታ ደርሰዋል። ሆኖም 65 ዓመት ስለሞላ ብቻ ሥራ አይቆምም። ያልተከፈለ የቤት ዕዳ አለ፤ አገር ቤትም እጅ እጃቸውን የሚያይ ቤተሰብ አለ። የአሠሪያቸው ኢንሹራንስ ስላላቸው ሜዲኬርን፣ ማለትም 65 ዓመት ለሞላው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ቢያቆዩት ሕጉ አይከለክላቸውም። ጣጣው የሚመጣው ኋላ ነው።

ደንባችሁ እንደሚለው፣ የአሠሪው የመድኃኒት ሽፋን ከሜዲኬር መደበኛ ሽፋን የማያንስ ከሆነ፣ ማለትም ክሬዲተብል ከቨሬጅ ከሆነ፣ መዘግየት አያስቀጣም። ያለዚህ ዓይነት ሽፋን 63 ተከታታይ ቀናት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ግን በዘገየበት ወር ቁጥር ልክ ለፓርት ዲ በአገር ደረጃ ከተቀመጠው ወርኃዊ መነሻ ክፍያ 1 በመቶ እየታሰበ በየወሩ ክፍያው ላይ ይጨመርበታል። በ2025 መነሻው 36 ዶላር ከ78 ሳንቲም ነበር። በዚያ ስሌት አራት ዓመት የዘገየ ሰው በወር 17 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይቀጣ ነበር ማለት ነው። ለእናንተ ትንሽ ገንዘብ ይሆናል። ነገር ግን ሰውዬው ፓርት ዲ እስካለው ድረስ፣ በአብዛኛው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ፣ አይቋረጥም።

አንድ የማውቃቸው አባት እስከ 69 ዓመታቸው ድረስ በአንድ የፓርኪንግ ድርጅት ሠርተዋል። ሽፋናቸው ደንቡን ያሟላ ነበር። ጡረታ ወጥተው ፓርት ዲ ሲገቡ ኢንሹራንሱ ስለ ቀድሞ ሽፋናቸው የሚጠይቅ ቅጽ ላከላቸው፤ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ነበረበት። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ የፖስታ ሣጥናቸውን ከሚያጨናንቀው የኢንሹራንስ ማስታወቂያ በምንም አይለይም። ከማስታወቂያው ጋር ተጣለ። ቅጣቱ ሲመጣ በ60 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ፣ ማስረጃም ያያይዙ ተባሉ። ማስረጃው አሠሪው በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 በፊት ለሠራተኞቹ መስጠት ያለበት ማስታወቂያ ነው። እርሳቸው ዘንድ የሚመጣው በወፍራም የጥቅማጥቅም መጽሔት መካከል ታጥፎ ነበር፤ የአራት ዓመቱን ማን ያስቀምጣል? ድርጅቱ ተሸጧል፤ የድሮው ቢሮም ስልክ አያነሳም። ኤክስትራ ሄልፕ የተባለውን፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመድኃኒት ክፍያ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው ቅጣቱ አይነካውም፤ የእርሳቸው ገቢ ግን ከመስፈርቱ በጥቂቱ ያልፋል።

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። አሠሪዎች የመድኃኒት ሽፋናቸው ደንቡን ማሟላት አለማሟላቱን የዕቅዱ ዓመት በገባ በ60 ቀን ውስጥ ለእናንተው በኢንተርኔት ያሳውቃሉ። የዚያ የፓርኪንግ ድርጅት ሽፋን ምን ዓይነት እንደነበር የሚናገረው መዝገብ እናንተ ዘንድ ነው ማለት ነው። መዝገቡ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም አይዝም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ማን በየትኛው ዓመት የት እንደሠራ ሶሻል ሴኩሪቲ ያውቃል። ሁለቱ ከተገጣጠሙ፣ የቀረውን በደመወዝ ደረሰኝ ላይ ከሚታየው የኢንሹራንስ ተቀናሽ ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሊነጋገሩበት የሚገባውን ጉዳይ ለአንድ ሽማግሌ ማሸከም ደግ አሠራር አይደለም።

ኮብራ፣ ማለትም ሥራ የለቀቀ ሰው ራሱ እየከፈለ የአሠሪውን ኢንሹራንስ የሚያቆይበት ሽፋን፣ ሌላ ወጥመድ ነው። ይኸው ሽፋን ለፓርት ዲ ሊያገለግል ይችላል፤ የሐኪም አገልግሎት የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ ፓርት ቢን፣ ያለቅጣት ለማዘግየት ግን አይጠቅምም። ፓርት ቢ ያለቅጣት የሚመዘገቡበት የስምንት ወር ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ሥራው ወይም የአሠሪው ሽፋን ካበቃ ጀምሮ ነው፣ የትኛውም ቢቀድም። ኮብራ ብዙውን ጊዜ 18 ወር ይቆያል። በየወሩ ውድ ክፍያ እየከፈለ “ኢንሹራንስ አለኝ” ብሎ የተቀመጠ ሰው ጊዜው አልፎበት ምዝገባ እስኪከፈት ጃንዋሪን ይጠብቃል፤ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣትም ይከተለዋል። ይህን ሕግ ያወጣው ኮንግረስ ነው። አስረድቶ መንገር ግን የእናንተ ሥራ ነው።

በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ታቀርባላችሁ፤ ለዚህ እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ሰው አስተርጓሚ የሚጠይቀው በእጁ የያዘው ወረቀት ቁም ነገር መሆኑን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ የ30 ቀኑ ቅጽ ከውጭ ፖስታው ላይ “ካልመለሱ ይቀጣሉ” የሚል መስመር በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ይጻፍበት። ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የራሳችሁ መዝገብ ይታይ። የአሠሪው ማስታወቂያ ለጠፋበት ሰው የደመወዝ ደረሰኝና የኢንሹራንስ ካርድ በማስረጃነት ይበቃ። ከሦስቱ የትኛውን ልታደርጉ እንደምትችሉ፣ የማትችሉትንም ለምን እንደሆነ፣ የመጪው ዓመት ምዝገባ ኦክቶበር 15 ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር