ለልጄ፣ ከጫማው ጋር የተላከ

ሚሚዬ፣

እንኳን ለ48ኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ። ደስ ብሎኝ ልጽፍልሽ ነበር ያሰብኩት። ትናንት ወንድምሽ መጥቶ "ጉልበቷ አብጦ ደረጃ መውጣት አቅቷታል፤ የሳልሳ ዳንስ ትምህርቱንም ልትተወው ነው" ሲለኝ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን አልነገርሽኝም? በስልክ ደህና ነኝ ብለሽኝ ነበር እኮ።

ጥፋቱ የዕድሜሽ ሳይሆን የጫማሽ ነው። በስፖርት ጫማ ነው አሉ የምትሄጂው። የጫማ ሰፊ ልጅ ሆነሽ! የጎማ ሶል ወለል ቆንጥጦ ይይዛል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። እግርሽ ተጣብቆ ቀርቶ ወገብሽ ሲዞር፣ መሐል ላይ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። በጎማ ሶል አትዙሪ።

እኔ ጋ የተውሽውን ጥቁር ጫማ ልኬልሻለሁ። ጎማውን ነቅዬ፣ ሻካራ ፊቱ ወደ ውጭ የተገለበጠ ቀጭን ቆዳ ለጥፌበታለሁ። ስትዞሪ ይለቅሻል፣ ስትቆሚ ይይዝሻል። ታኮውንም ወደ 5 ሳንቲ ሜትር አውርጄዋለሁ። መንገድ ላይ እንዳትረግጪበት፤ ውሃ ካገኘው አለቀለት። በፌስታል ይዘሽ ሂጂና እዚያው ስትደርሺ አድርጊው። ቆዳው እየተላገ ሲሄድ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጊው። እብጠቱ ሳይጠፋ ግን አንድ እርምጃ እንዳትሞክሪ። በሳምንት ካልተሻለሽ ሐኪም ትታዪያለሽ፤ ልመና አይደለም።

"ልጆቼን ከሚያክሉት ጋር መቆም አሳፈረኝ" ብለሻል አሉ። ልጅሽ የዳንሱን ቆጠራ እዚህ ሳሎን ውስጥ አሳይቶኛል፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አምስት ስድስት ሰባት። አራትና ስምንት ላይ እግር አይነሳም። አንቺን ያስቸገረሽ ይሄ ይመስለኛል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ እስክስታ ስትመቺ አንድም ምት አታሳልፊም ነበር። ትከሻሽን ተዪውና ክብደትሽን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አሳልፊ። ወደ ታች አትዪ።

እናትሽ ይሄን ነግራሽ እንደሆነ አላውቅም። በ1965 ራስ ሆቴል ወሰድኳት። በእጄ የሰፋሁላትን ቡናማ ጫማ ነበር ያደረገችው። የቻቻቻ ዳንስ ሲጀመር እጄን ያዘች። ጫማ የምሰፋላቸው ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ስለነበር ፊታቸው መሳሳት ፈራሁ። "ሌላ ቀን" አልኳት። አልተቆጣችም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ግን ከጠረጴዛው ሥር ታኮዋ ወለሉን ሲመታ እሰማ ነበር። ወደ ፒያሳ ስንመለስ ቸርችልን ሽቅብ ቀድማኝ ወጣች።

በ1967 ሰዓት እላፊ መጣ። ከዚያ ቀበሌው፣ ልጆቹ፣ ኑሮው። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ ቀረ። ቆጥባ ያስቀመጠችውን ያን ጫማ ከዓመታት በኋላ ልጠግነው ስገለብጠው ሶሉ አልተበላም ነበር። ያኔ ዶሮ ማነቂያ ነበር ሱቃችን፤ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅኳት።

ያን ማታ 23 ዓመቴ ነበር፣ ልጄ። ያሳፈረኝ ዕድሜ አልነበረም።

ሲሻልሽ ተመለሺ። ደግሜ እነግርሻለሁ፣ በጎማ ሶል አትዙሪ፤ "ዛሬ ብቻ" ብለሽም ቢሆን። ማታ ካዛንቺስ ታክሲ ስትጠብቂ አትቁሚ፤ ወንድምሽ መጥቶ እንዲወስድሽ ነግሬዋለሁ። ሎሚና ማሩን ከጫማው ሳጥን በታች አድርጌዋለሁ፤ ቀስ ብለሽ ክፈቺው።

ለፋሲካ ስትመጪ ጫማውን ይዘሽልኝ ነይ። ሶሉን ገልብጬ አየዋለሁ።

አባትሽ