የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የሁላችንም ግብር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የመጀመሪያ ልጃችንን ለማስመዝገብ በሰፈራችን ወዳለ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሄድንበት ቀን፣ መዝጋቢዋ የልደትና የክትባት ወረቀቷን አይታ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ጠየቀችን። ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበትን የኦርቶዶክስ ደብራችንን ወረቀት ብንሰጣት በትሕትና አጥፋ መለሰችልን፤ የካቶሊክ መሆን ነበረበት። ያችው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ግን የካቶሊኩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ጥምቀቷ ምንም ሳይጠይቅ ተቀበላት፤ በዚያ እርከን የምንኖርባት የካናዳ ግዛት የኦንታሪዮ ሕግ በሩ ለሌሎችም እንዲከፈት ያዝዛልና። መምህራኖቿን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ ቅሬታዬ በእነርሱ ላይ አይደለም።

እስከ 1984 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ግዛቱ ለካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚከፍለው እስከ 10ኛ ክፍል ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለውን ወላጆች ከኪሳቸው ይሸፍኑ ነበር። በዚያ ዓመት የኦንታሪዮ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢል ዴቪስ ሙሉ ድጎማ እንደሚሰጥ አስታወቁ፤ ጉዳዩ በ1986 ሕግ ሆኖ ወጣ፣ በ1987ም የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የ1867ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 ለካቶሊኮች በሰጠው ዋስትና ላይ ተመሥርቶ አጸናው። ዋስትናው አናሳና ተጋላጭ ለነበሩ ሰዎች የተሰጠ ስለነበር በዘመኑ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን የሙስሊሙም የአይሁዱም ግብር ይህን ሥርዓት ሲደግፍ፣ የራሳቸው የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ድጎማ አያገኙም፤ ከአገር ቤት መምህርነት ተምሮ የመጣ ወገናችንም ካቶሊክ ካልሆነ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የመቀጠር ዕድሉ የጠበበ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ1999 አሠራሩን አድልዎ ብሎታል።

በ2007 የኦንታሪዮ ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪ የነበሩት ጆን ቶሪ ድጎማውን ለሌሎች የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችም ለማዳረስ ቃል ገብተው የግዛቱን ምርጫ ከተሸነፉ ወዲህ፣ ዋና ዋናዎቹ ፓርቲዎች ጉዳዩን እንደ እሳት ይሸሹታል። ሲጠየቁም ሕገ መንግሥቱን ይጠቅሳሉ። ነገር ግን ኩቤክ በ1997፣ ኒውፋውንድላንድ በ1998 ከፌዴራሉ ፓርላማ ጋር ብቻ ተስማምተው፣ የሌሎቹን ግዛቶች ፈቃድ ሳይጠብቁ የየራሳቸውን ድንጋጌ ቀይረዋል። እኔ የምደግፈው ማንም ሕፃን በጥምቀቱ የማይለይበትን አንድ የሕዝብ ትምህርት ሥርዓት ነው። በምርጫ ሰሞን ወደ አብያተ ክርስቲያናታችንና መስጊዶቻችን ድምፅ ፍለጋ ለሚመጡ ዕጩዎች ወላጆች ይህን አንድ ጥያቄ እንድናቀርብላቸው እለምናለሁ፦ ከተመረጡ፣ ኦንታሪዮም ይህንኑ ማሻሻያ እንድትጠይቅ በምክር ቤቱ ድምፅዎን ይሰጣሉ ወይስ አይሰጡም?

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ቶሮንቶ