የቲማቲም ጣሳው ዋጋ ለምን ጨመረ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ ያንን ርካሽ የቲማቲም ጣሳ ሱቃችን አታገኙትም። በቦታው ያስገባነው በ35 ሳንቲም ይወደዳል። «ምነው ጨመራችሁ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ልክ ናችሁ፣ ምክንያቱን እንንገራችሁ።

አንድ ያገራችን ልጅ ሊገዛ መጥቶ ጣሳውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። እዚህ ሚላኖ ከመምጣቱ በፊት ደቡብ ጣሊያን፣ ፎጃ አካባቢ ቲማቲም ይለቅም ነበር። አጎንብሶ አሳየን። ተክሉን ከነሥሩ ትነቅላለህ፣ ባልዲ ላይ ታራግፋለህ፣ ባልዲውን ትልቁ ሳጥን ውስጥ ትገለብጣለህ። ሳጥኑ ወደ 300 ኪሎ ይይዛል። ሲሞላ ከ3 እስከ 4 ዩሮ ይከፈልሃል። ከዚያችው ላይ ደላላው፣ ጣሊያኖቹ «ካፖራሌ» የሚሉት፣ ለመኪና ብቻ 5 ዩሮ በቀን ይቆርጣል። ውሃና ዳቦም የሚሸጠው እሱ ነው። ያጉረመረመ ነገ አይሳፈርም።

እነዚያ መኪናዎች ሰው ጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 ፎጃ ውስጥ በሁለት ቀን ልዩነት 16 ሠራተኞች ከማሳ ሲመለሱ አለቁ። ሁለቱም ጊዜ የተጋጩት ከጭነት መኪና ጋር ነው።

ሕግ አለ። በ2015 ፓኦላ ክሌሜንቴ የምትባል የ49 ዓመት ጣሊያናዊት የወይን ማሳ ላይ ሥራ ላይ እያለች ሞተች። በዓመቱ የወጣው ሕግ ቁጥር 199 ደላላውንም አሠሪውንም ያሳስራል። ግን ተቆጣጣሪ ሁሉም ማሳ አይደርስም።

ርካሽ ጣሳ ሁሉ እንዲህ ተለቀመ አንልም። አሁን አብዛኛው በማሽን ነው የሚሰበሰበው። ዝናብ ጥሎ ማሳው ሲጨቀይ ግን ማሽኑ አይገባም፣ ያኔ ሰው ይጠራል።

እኛን ያንገበገበን ሂሳቡ ነው። 300 ኪሎ በ3 ዩሮ ተኩል ማለት ለአንድ ኪሎ አንድ ሳንቲም ከምናምን ነው። የለቃሚው ክፍያ እጥፍ ቢሆን እንኳ እኛ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ አይታወቅም። ዋጋውን የሚያወርደው ትልልቁ ሱፐርማርኬት ፋብሪካውን፣ ፋብሪካው ገበሬውን ሲጫን ነው። ጫናው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ባልዲ የያዘው ልጅ ላይ ነው።

አዲሱ ጣሳ ኖካፕ የሚባል ማኅበር ምልክት አለበት። ማኅበሩን የመሠረተው ካሜሩናዊው ኢቫን ሳኜ ነው፤ በ2011 እዚያው ደቡብ ጣሊያን፣ ናርዶ ላይ የለቃሚዎችን አድማ የመራው እሱ ነው። ምልክቱ ለቃሚው በሕጋዊ ውል እንደሠራ ያሳያል።

የበርበሬ፣ የሽሮና የጤፍ ዋጋ አልተነካም። ቸኮሌቱና ሽሪምፑ በማን ጉልበት እንደመጡ ገና እያጣራን ነው። የኖካፕን ምልክት ጣሳው ላይ ካጣችሁት ካሸሩ ጋ ጠይቁ፣ እናሳያችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቃችሁ ቤተሰብ