ለደንበኞቻችን፦ ትራንስፈሩን ሳንከፍት ዋጋ የማንናገረው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ስልክ ይደወላል። "የመኪናዬ ትራንስፈር ይጮኻል። ማሠሪያው ስንት ነው?" መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አምጡትና ከፍተን እንየው።" በዚህ መልስ ቅር የተሰኛችሁ አላችሁ። ሌላው በስልክ ቁርጡን ሲናገር እኛ ምን ያንገራግረናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ረጋ ብለን በጽሑፍ እናስረዳ።

ትራንስፈር ከካምቢዮው ጀርባ የታሰረው ሳጥን ነው። ከካምቢዮ የሚመጣውን ጉልበት ተቀብሎ ለኋላና ለፊት ጎማዎች ያካፍላል። ሎው የሚባለው ዝግተኛ ማርሽ ሲገባ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በአሮጌ ፒክአፖች ላይ የምናገኘው ኤንፒ 205 የሚባለው ሞዴል ውስጡ ጊር በጊር ነው፤ ሳጥኑም ወፍራም ብረት ነው። በሎው ጉልበቱን የሚያበዛው 1.96 ጊዜ ብቻ ቢሆንም በቀላሉ እጅ አይሰጥም። በብዙ ጂፖች ላይ ያለው ኤንፒ 231 ደግሞ ሳጥኑ አሉሚኒየም ነው። ጉልበቱን ወደ ፊት የሚያሻግረው በካቴና ሲሆን ሎው ላይ 2.72 እጥፍ ያደርገዋል። ቀላልና ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ካቴና ያለበት ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይላላል።

የላላ ካቴና ራሱን ይናገራል። ፎር ዊል፣ ማለትም አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ፣ አስገብታችሁ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ከወለሉ ሥር "ኳ!" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ካቴናው ጥርሱን እየዘለለ ነው። ማርሹን የሚተፋው ከሆነ፣ ማለትም ፎር ዊል ገብቶ ትንሽ ቆይቶ ራሱ የሚወጣ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ጫፍ ላይ ያሉት የፕላስቲክ መከዳዎች አልቀው ነው። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። በተራ መንገድ ላይ ሳይቀር የማያቋርጥ ጉርምርምታ ካለ ግን ኩሽኔታ፣ ማለትም ሻፍቱ (ዘንጉ) የሚሽከረከርበትን ቀለበት፣ እንጠረጥራለን።

ደግሞም ትራንስፈሩ ጤነኛ ሆኖ የሚታማበት ጊዜ አለ። በእነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት ያለው ፎር ዊል ለጭቃ፣ ለአሸዋና ለሚያንሸራትት መንገድ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይጓዛሉ፤ ያን ልዩነት የሚቀበል ነገር ውስጡ የለም። ስለዚህ ሻፍቶቹና ካቴናው እንደተጠመዘዘ ገመድ ይወጠራሉ። መሪው ይከብዳል፣ ማርሹም አልወጣም ይላል። በዚህ ጊዜ ከመታገል ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መንዳት ይሻላል፤ ውጥረቱ ይለቅና ማርሹ ይወጣል። ፊት ላይ አዲስ ጎማ፣ ኋላ ላይ ያለቀ ጎማ ማድረግም ያው ነው። "ትራንስፈሬ ሞተ" ተብለን የጎማ መጠን አስተካክለን የሸኘነው መኪና አለ።

አሁን ወደ መክፈቱ እንምጣ። ለዚህ ልማዳችን መነሻ የሆነው የራሳችን ስህተት ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ፒክአፕ መጣልን። ደንበኛው "ድምፅ አለው፣ ግን ዘይት አያንጠባጥብም" አሉን። እውነታቸውን ነበር፤ የሚያቆሙበት ቦታ ንጹህ ነው። ዘይቱን ስናወርደው ከግማሽ ሊትር በታች ወጣ፤ መኖር የነበረበት ወደ 2 ሊትር ነው። ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽጉት ኦይል ሲሎች አርጅተው ስለነበር "በቃ ይሄ ነው" ብለን ቀየርናቸው፣ አዲስ ዘይት ሞላን፣ ሸኘን። ብዙም ሳይቆይ በጎታች ተመልሶ መጣ። ያኔ ከፈትነው። የኋላው ግማሽ ሳጥን ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ከክብሪት ራስ የምታንስ ቀዳዳ ነበረች።

ያ ትራንስፈር ኤንፒ 246 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ፒክአፖች ላይ በብዛት አለ። ውስጡ ትንሽ የዘይት ፓምፕ አለች። ፓምፗ እንዳትዞር የሚይዟት ጆሮዎች ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ፤ በጆሮዎቹና በሳጥኑ መካከል መፈጋፈግን የሚከላከል ቀጭን ቅንጥብ (ክሊፕ) አለ። ሳጥኑ ማግኒዝየም ነው፤ ለስላሳ ብረት ነው። ቅንጥቡ ሲያልቅ የፓምፗ ጆሮ እየተንቀጠቀጠ ሳጥኑን ይፈገፍገዋል፣ ይፈገፍገዋል፣ በመጨረሻ ይበሳዋል። ቀዳዳው ከዘይቱ ከፍታ በላይ ስለሆነ መኪናው ሲቆም ምንም አይታይም። ሲሄድ ግን ፓምፗ ዘይቱን ትረጨዋለች፣ በቀዳዳዋ ይወጣል፣ ነፋስ ይበትነዋል። ባለቤቱ ምንም ሳያይ ትራንስፈሩ ደርቆ ይሄዳል።

ወጪውን እኛ ቻልን። ከዚያ ወዲህ ከፍተን ሳናይ አንናገርም።

ስንከፍት መጀመሪያ የምናየው ዘይቱን ነው። ማግኔት ላይ የተጣበቀ እንደ ጭቃ የላመ ጥቁር ብናኝ የዕድሜ ነገር ነው፤ አያስደነግጥም። በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ፍቅፋቂ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ እንደሆነ ይናገራል። ቀጥለን ሻፍቱን እናያለን። ሰማያዊ ቀለም ከያዘ ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሏል ማለት ነው፤ ደርቆ ሠርቷል። በመጨረሻ ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ቤት በጣት እንዳስሳለን። ኩሽኔታው ቤቱ ውስጥ እየዞረ ከበላው፣ አዲስ ኩሽኔታ ብናስገባም ይንጎዳጎዳል።

እንግዲህ ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው እዚህ ላይ ይለያል። ሳጥኑ ደህና ከሆነ፣ የጊሮቹ ጥርስ ካልተቆረጠመ፣ ሻፍቱ ካልተቃጠለ፣ እንጠግነዋለን። ኩሽኔታ፣ ኦይል ሲል፣ የሹካ መከዳ፣ ካቴና። ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶች መንጠቆ ከመሰሉ እነሱም አብረው ይቀየራሉ፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ማስገባት ካቴናውን ማስበላት ነው። እንደዚያ 246 ሳጥኑ የተበሳ ከሆነ ግማሽ ሳጥኑን ቀይረን ፓምፗ ዳግመኛ እንዳትፈገፍግ የተሻሻለ መያዣ እናደርጋለን። ቀዳዳውን በማጣበቂያ መድፈን ይቻል ነበር። እኛ አናደርገውም፤ ፓምፗ እዚያው እየፈገፈገች ነው። ሳጥኑ ከተሰነጠቀ ወይም ሻፍቱም ጊሩም አብረው ከሄዱ ሙሉ ትራንስፈር መቀየር ይረክሳል።

ያገለገለ ትራንስፈር ገዝታችሁ ብታመጡ እንገጥማለን፤ ግን እሱንም ከፍተን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የአሮጌውን ትራንስፈር ታርጋ ፎቶ አንሱ። የኤንፒ ትራንስፈሮች ጀርባ ላይ ክብ ታርጋ አለች፤ ሞዴሉና የሎው ቁጥሩ ተጽፎባታል። ሞዴሉ አንድ መሆኑ ግን አይበቃም። 246 ራሱ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ 27 ጥርስ ያለውም 32 ጥርስ ያለውም አለ። የፊቱ ሻፍት በግራ ይወጣል ወይስ በቀኝ? ማርሹ በእጅ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ? አንዱ ከተሳሳተ ዕቃው የጋራዥ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የእኛ መደርደሪያ ላይ ሁለት አሉ።

ስለ ዘይት አንድ ነገር ብቻ። 231 ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማል። 246 ግን ለእሱ ተብሎ የተሠራ ሰማያዊ ዘይት አለው፤ ውስጡ ፍሪሲዮን (እየተጣበቀ ጉልበት የሚያስተላልፍ ሰሌዳ) ስላለ ሌላ ዘይት ሲገባ ይንዘፈዘፋል። አንዳንዶች ደግሞ ወፍራሙን የጊር ዘይት ይፈልጋሉ። የመኪናችሁን መመሪያ ተመልከቱ፣ ወይም እኛን ጠይቁን። ይህን በስልክ እንመልሳለን!

ስትመጡ ከሥር አታሳጥቡት። ዘይትም አትጨምሩበት። የዘይቱ ዱካ የት እንደጀመረና ምን ያህል እንደቀረ ማየት እንፈልጋለን። ዘይቱ አልቋል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን አትንዱት፤ ደውሉልን። ድምፁ ፎር ዊል ሲገባ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ነው ወይስ ሲለቀቅ፣ ይህንንም ንገሩን። የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች በካርቶን ተደርገው ይጠብቋችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሠራተኞች