የመጨረሻው 300 ኪሎ ሜትር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

አገር አቋራጭ የብስክሌት ጉዞ ሲኖር ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ሁለት ፎቶ ነው፤ ሲነሱ ባንዲራ፣ ሲደርሱ አበባ። የመካከሉ ቢቀር እንኳ ስለ መጨረሻው 300 ኪሎ ሜትር መጻፍ ያስፈልጋል። ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር በጎጃም በኩል ለሚመጣ ጋላቢ ይህ ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ነው። «ደረስን እኮ» የሚባለውም፣ ዕቃ መበላሸት የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። የፍሬን ሸራው፣ ሰንሰለቱና ቸርኬው ቀናት ሲበሉ ከርመው የአባይ በረሃ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነውና።

ስለዚህ ጥገናው ደብረ ማርቆስ ላይ ይለቅ፤ «አዲስ አበባ ገብቼ አሠራዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ፍሬን ይታይ። ሸራው ከ1 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ይቀየር። ቸርኬውን ከጎን የሚይዝ ፍሬን ያለው ደግሞ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ቸርኬው ጎን ላይ ይደግፍ፤ መሃሉ ላይ ብርሃን ካለፈ ብረቱ ተበልቷል። እንዲህ ያለ ቸርኬ ሲግል በጎማው ግፊት ተሰንጥቆ ወደ ውጭ ሊከፈት ይችላል። ቀጥሎ ሰንሰለት፦ ከአንድ ፒን መሃል ተነስቶ፣ የመነሻው ፒን ሳይቆጠር፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ሲለካ አዲስ ከሆነ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ከደረሰ ዳገት ላይ ጥርስ እየዘለለ እግር ያስታል። የኋላ ቸርኬ ሽቦዎችን በጣት መታ መታ ማድረግም አይረሳ፤ ድምፁ ከሌሎቹ የደፈነ ካለ ላልቷል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በማርሹ በኩል ያለው ነው፤ በዚያ በኩል ውጥረቱ ይበልጣል።

ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ ነገር ግን ለመኪና ነው። ቀጭኑ የብስክሌት ቫልቭ በመኪና መንፊያ አይነፋም፤ ጣት የማታህል የነሐስ ማገናኛ ኪስ ውስጥ ካለች ችግሩ ያልፋል። በእሳት የሚለጠፈው ልጣፍ ስስ ካላማዳሪ ላይ ሙቀቱ ይበዛበታል፤ በሙጫ የሚለጠፈውን ይዞ መሄድ ይሻላል። ዳገቱን ለማቅለል ብሎ መፍቻና ፖምፓ ለሰው ሰጥቶ የሚሄድም አለ። ሁለት ኪሎ ተቀንሶ የሚገኘው ጥቅም ከአንድ የጎማ ፍንዳታ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደ አባይ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት፣ በእያንዳንዱ ወገን ወደ 1,400 ሜትር የሚደርስ የከፍታ ልዩነት። ጋላቢው፣ ብስክሌቱና ጓዙ አንድ ላይ 95 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በዝግታ ሲወርዱ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት አራት ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይቀርባል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፤ የቸርኬው ግለት የካላማዳሪውን ሙጫ ያላላል፣ ልጣፉም ይነሳል። ጠንከር አድርጎ ለጥቂት ሴኮንድ ይዞ መልቀቅ፣ ደግሞ መያዝ፣ በየአምስት ኪሎ ሜትሩም ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው መላው። ለቅቆ መብረርም አይሆንም፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጨማድዷል፣ የከባድ መኪና ጎማም ቦይ አውጥቶበታል።

ከደጀን መነሳት ያለበት ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ያለፈ ሰው ዳገቱን ቆላው ሳይግል ይጀምራል። 20 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ቢወጣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ውሃ አራት ሊትር ከላይ ይያዝ። ፊት 26፣ ኋላ 34 ጥርስ ያለው ብስክሌት በዚህ ፍጥነት ፔዳሉን በደቂቃ 65 ጊዜ ያህል ያዞራል፤ ፊት 42፣ ኋላ 28 ጥርስ ያለው የከተማ ብስክሌት ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያዞረው፣ ዕዳውን ጉልበት ይከፍላል። እንዲህ ያለ ማርሽ ያለው ወርዶ ቢገፋ ነውር የለበትም። ነውሩ የጭነት መኪና ጅራት ይዞ መጎተት ነው፤ መኪናው ማርሽ ሲቀይር ወደ ኋላ ሸርተት ይላል።

ምግቡ ቀላል ነው። በሶ በውሃና በስኳር ተበጥብጦ ከጨው ቁንጥር ጋር ከማንኛውም የታሸገ ነገር አያንስም። ቆሎ ግን ዳገት ላይ አይመከርም፤ አፍ ያደርቃል፣ ትንፋሽ ያቋርጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የአባይን ቀን ረቡዕና ዓርብ ላይ ባያደርገው ይሻለዋል።

ከጎሐ ጽዮን አዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ነው። «ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው» ተብሎ በአንድ ቀን ይታሰባል። ሜዳው ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ፣ ነፋስ የማይለየው፣ ፍቼ አካባቢም ዳገት ያለበት ሜዳ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ሲለፋ የዋለ ጋላቢ ሱሉልታን አልፎ እንጦጦ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። ከዚያ ወደ ድል በርና አዲሱ ገበያ ያለው ቁልቁለት አጭር ነው፣ ከአባይ ጋር አይነጻጸርም። ሆኖም ሚኒባሱ ሳይታሰብ ቀኝ ይዞ ይቆማል፣ አስፋልቱ ናፍጣ ጠጥቷል፣ ካፊያ ከጣለ ደግሞ ሸራው መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል እንጂ አይዝም። ከመዞሪያ 50 ሜትር ቀድሞ ፍሬኑን በስሱ ነካ ማድረግ ያስፈልጋል።

ጫንጮ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ አድሮ እሁድ ጠዋት መግባት ይቻላል። ይህን የሚከለክለው ብዙ ጊዜ ጋላቢው ሳይሆን አቀባበሉ ነው፤ አዘጋጆች «ቅዳሜ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ» ብለው ለጋዜጠኛ ይናገራሉ፣ ጋላቢውም ያን ሰዓት ለመድረስ ይጣደፋል። ጋዜጣችሁ የመድረሻ ሰዓት ከማተሙ በፊት «የት ነው የሚያድሩት?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ይረዳል። አቀባበሉም አዲሱ ገበያ፣ ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። አበባው አንገት ላይ ይዋል፤ መሪው ላይ ከተንጠለጠለ የፍሬን ገመዱን ይይዛል። ባንዲራውም ከኮርቻው በታች እንዳይወርድ ይታጠፍ፤ ጫፉ የኋላውን ጎማ ከነካ ሽቦው ውስጥ ይጠመጠማል።

አንድ የብስክሌት ጠጋኝ፣ አዲስ አበባ